የቤትና የሕንፃ ግመታ በወጪ ዘዴ፦ ስለ እርጅና ቅናሽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ክፍለ ከተሞች ቤት ወይም ሕንፃ ያላቸው ሰዎች ንብረታቸው ተገምቶ ሪፖርቱ ሲደርሳቸው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክራቸው «የእርጅና ቅናሽ» የሚለው መስመር ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከባለንብረቶች፣ ከወራሾችና ከባንክ ተበዳሪዎች በብዛት የሚነሱ ናቸው። መልሶቹም የተጻፉት የመሐል ከተማውን ሁኔታ መነሻ በማድረግ ነው።

የወጪ ዘዴ ማለት ምን ማለት ነው?

ንብረት ከሚገመትባቸው ሦስት የታወቁ ዘዴዎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የገበያ ንጽጽርና ንብረቱ ከሚያስገኘው ኪራይ የሚነሳው የገቢ ዘዴ ናቸው። በወጪ ዘዴ ገማቹ በመጀመሪያ ሕንፃው ዛሬ አዲስ ሆኖ ቢሠራ ምን ያህል እንደሚፈጅ ያሰላል፤ ቀጥሎ ሕንፃው ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር ያጣውን ዋጋ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም የይዞታውን ዋጋ ይደምራል። ከስሌቱ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ቀላል ነው፦ ቦታ አግኝቶ ተመሳሳይ ሕንፃ ብዙ ሳይዘገይ ማሠራት የሚችል ሰው፣ ለአሮጌው ከዚያ የበለጠ አይከፍልም።

ዘዴው በመሐል አዲስ አበባ በብዛት የሚሠራበት ምክንያት አለው። የገበያ ንጽጽር አስተማማኝ የሚሆነው እውነተኛ የሽያጭ ዋጋ ሲገኝ ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ደላላ የሚጠራው ዋጋ ደግሞ የሻጭ ምኞት እንጂ የተፈጸመ ሽያጭ አይደለም። የሲሚንቶ፣ የፌሮና የብሎኬት ዋጋ፣ የግንበኛም የቀን ክፍያ ግን ማንም ወጥቶ ጠይቆ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው።

መሬት የማይሸጥ ከሆነ የመሬቱ ዋጋ ከየት ይመጣል?

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት በግል አልተሸጠም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገማቹ የሚገምተው መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ይህ መብት ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የሊዝ ጨረታን ውጤት መመልከት ይበቃል።

የጨረታ ዋጋ ግን እንዳለ ተወስዶ አይደመርም። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት አሸናፊው በቅድሚያ የሚከፍለው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን ሲሆን፣ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ከወለድ ጋር ይከፈላል። ስለሆነም በጨረታ የተጠራው ብር ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈል ብር ጋር እኩል አይደለም፤ ገማቹ ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስ አለበት። በይዞታው ላይ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለም እንዲሁ መቀነስ አለበት፤ ይህ ሲዘነጋ ማየት የተለመደ ነው።

የሊዝ ዘመኑም ከሕንፃው ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። አዋጁ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ይሰጣል። እድሳት ሊገኝ ቢችልም በወቅቱ በሚኖረው የመነሻ ዋጋ ነው፤ ቦታው ለሌላ አገልግሎት ከተፈለገም ላይገኝ ይችላል። የሊዝ ዘመኑ 25 ዓመት በቀረው ቦታ ላይ የቆመ የንግድ ሕንፃ፣ ኮንክሪቱ ገና 50 ዓመት ይቆማል ተብሎ ብቻ የ50 ዓመት ዋጋ አይሰጠውም። ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ስለሚገባ፣ ገዢው ይህን አስቀድሞ አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

የሒሳብ ሠራተኛዬ በየዓመቱ የሚይዘው የእርጅና ቅናሽ ከገማቹ ጋር ለምን አይመሳሰልም?

ሁለቱ የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የተጨነቀው ከዓመታት በፊት የወጣውን ወጪ በግብር ሕጉ መሠረት በየዓመቱ ለማከፋፈል ነው። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ለሕንፃ በዓመት 5 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ፈቅዷል፤ ይህም ሕንፃው በ20 ዓመት ከመዝገብ ላይ ያልቃል ማለት ነው። በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ለሚያይ ሰው የዚህ ስሌት ዓላማ ሌላ መሆኑ ግልጽ ነው።

ገማቹ የሚነሳው ባለቤቱ ያወጣውን ሳይሆን ዛሬ ሊወጣ የሚችለውን ወጪ ይዞ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ አልሙኒየምና የንጽሕና ዕቃ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ሕንፃ የመተኪያ ወጪ ከመዝገብ ዋጋው ጋር ሊወዳደር አይችልም። በመዝገብ ላይ ዜሮ የደረሰ ሕንፃ በግምት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዋጋ ቢወጣለት ተቃርኖ የለውም።

«አዲስ ቢሠራ» ሲባል ያንኑ ሕንፃ ቁርጥ አድርጎ መሥራት ነው ወይስ የሚተካውን?

አብዛኛውን ጊዜ የሚተካውን ነው፤ ማለትም ተመሳሳይ ስፋትና አገልግሎት ያለው ሕንፃ ዛሬ በሚሠራበት ዕቃና አሠራር የሚጠይቀው ወጪ ይወሰዳል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት እንኳ ለግምት ሲቀርብ ዛሬ ማን በምን ዋጋ ያንን ምርግ ይመርጋል ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም።

ልዩ ሁኔታ የሚሆኑት የቅርስነት ዋጋ ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። በፒያሳ አካባቢ ያሉ የእንጨት በረንዳና የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች በቅርስነት ከተመዘገቡ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለፈቃድ ሊለወጡ አይችሉም። እንዲህ ላለው ቤት የሚጠየቀው ያንኑ ዕቃና ያንኑ ጥበብ ተጠቅሞ መልሶ የመሥራት ወጪ ነው፤ ይህም ከተራ ግንባታ እጅግ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅናሽ ግን በሠንጠረዥ የሚወጣ ስላልሆነ፣ በእንዲህ ያለ ቤት ላይ በወጪ ዘዴ ብቻ የቆመ ግምት ሲቀርብልኝ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ወጪው ምን ምን ይጨምራል?

የዕቃና የጉልበት ወጪ፣ የኮንትራክተሩ ትርፍ፣ የዲዛይን፣ የቁጥጥርና የፈቃድ ክፍያ፣ በግንባታ ወቅት የሚከፈል የብድር ወለድ፣ እንዲሁም ገንዘቡንና ጊዜውን ያዋለው አልሚ የሚጠብቀው ትርፍ ይካተታል። ነጠላ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆን አለመሆኑ ካልተገለጸ በሁለት ሪፖርቶች መካከል የ15 በመቶ ልዩነት ያለ ምክንያት ይፈጠራል። የግቢ ንጣፍ፣ አጥር፣ የሴፕቲክ ታንክና የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ለብቻ ይያዛሉ።

ቅናሹ ከምን ከምን ይመነጫል?

ከሦስት ምንጮች ይመነጫል፤ ሪፖርቱ ሦስቱንም ካላየ ግማሽ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው አካላዊ ጉዳት ነው። ይህን ማንም ያየዋል ይባላል፤ እውነታው ግን በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የሚያታልለውም እርሱ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ጓሮ ያሉ ብዙ ቤቶች ከውጭ በሲሚንቶ ተለስነው፣ ቀለም ተቀብተው ብሎኬት ይመስላሉ። ገማቹ ግድግዳውን በጣቱ ቋጠሮ ሲያንኳኳ ድፍን ድምፅ ከሰጠ፣ የልስኑም ጠርዝ በመስኮቱ ሥር ተፈልቅቆ ጭድ ካሳየ ቤቱ የጭቃ ነው። ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ማገሩን የተሸከመው ምሰሶ መሬት የሚነካበትን ቦታ ይመረምራል፤ ምሰሶ የሚበሰብሰው ከመሬት ከፍ ብሎ ሳይሆን እዚያው እግሩ ሥር ነው። ምሰሶው በምስማር ሲወጋ ያለ ችግር ከገባ ጉዳቱ የቀለም ጉዳይ አይደለም። በኮንክሪት ሕንፃ ላይ ደግሞ ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘው የውኃ መውረጃ ያፈሰሰበት አምድ፣ ፌሮው ዝጎ ልባሱን ገፍቶ የጣለበት ቦታ ካለ፣ ያ አንድ ነጥብ ከጠቅላላ የቀለም መጥፋት ይበልጥ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የአገልግሎት ጉድለት ነው፦ ሕንፃው አልፈረሰም፣ ግን ዛሬ የሚፈለገውን አይሰጥም። ለስድስት ተከራይ አንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው፣ ሊፍት የሌለው ባለ አምስት ፎቅ፣ መኪና ማቆሚያ ያልታሰበለት የንግድ ሕንፃ፣ በየወለሉ አንድ የጋራ መጸዳጃ ብቻ ያለው ቢሮ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ቆጣሪው የሚለያይበት ወጪ በኪራይ ጭማሪ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ጉድለቱ የሚታረም ነው፤ ቅናሹም የማረሚያ ወጪው ነው። ደረጃው ጠቦ ሊፍት የሚገባበት ቦታ ከሌለ ግን የማይታረም ነው፤ ቅናሹም የሚሰላው በየዓመቱ ከሚታጣው ኪራይ ነው። ከመጠን በላይ መሥራትም ጉድለት ነው። ፊቱ በሙሉ በመስታወት የተሸፈነ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ የማያስቀምጥ ሕንፃ ብዙ ተወጥቶበታል፤ ተከራዩ ግን ለመስታወቱ የሚጨምረው ብር የለም።

ሦስተኛው ከግቢው ውጭ የሚመጣ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ምንም ቢያድስ ሊያርመው አይችልም። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር በመሬት ደረጃ በአጥር ተከልሎ በሚያልፍባቸው መንገዶች ላይ ያሉ ሱቆች ከማዶ ይመጣ የነበረውን እግረኛ ማጣታቸው ግልጽ ምሳሌ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማት በሁለቱም አቅጣጫ ይታያል፦ መንገዱ በተቆፈረበት ወቅት የተዘጋ መግቢያ ኪራይ ያሳጣል፣ ከተጠናቀቀ በኋላ ደግሞ ያው ሕንፃ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ፊት ለፊቱ ሊያገኝ ይችላል። ለወራት የቆየን መዘጋት እንደ ዘላቂ ኪሳራ ቆጥሮ ከሕንፃው ዋጋ መቀነስ ግን ስሕተት ነው፤ የሚቀነሰው በእነዚያ ወራት የታጣው ገቢ ብቻ ነው።

ስሌቱን በቁጥር ማየት ይቻላል?

ጠቅላላ የወለል ስፋቱ 1,200 ካሬ ሜትር የሆነ ጂ+4 ሕንፃ እንውሰድ። ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም። ለአንድ ካሬ ሜትር 40,000 ብር ቢያዝ፣ አዲስ ቢሠራ የሚፈጀው 48 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሕንፃው ከተሠራ 25 ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን በደንብ ስለተያዘ ሁኔታው የ18 ዓመት ሕንፃ ይመስላል። ጠቅላላ ኢኮኖሚያዊ ዕድሜው፣ ማለትም ጥቅም እየሰጠ የሚቆይበት ዘመን፣ 60 ዓመት ነው ከተባለ፣ 18 ለ60 ሲካፈል 30 በመቶ ስለሚሆን ቅናሹ 14.4 ሚሊዮን፣ የሚቀረው 33.6 ሚሊዮን ብር ነው። አብዛኞቹ ሪፖርቶች እዚህ ላይ ያበቃሉ።

ጠንቃቃ ገማች ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተቃጠለ የውኃ ፓምፕና የተበላሸ ቀለም በ1.8 ሚሊዮን ብር የሚጠገኑ ከሆነ፣ ይህ ወጪ በቅድሚያ ተነስቶ 46.2 ሚሊዮን ይቀራል። ጥገናው እንደተደረገ ከታሰበ ሕንፃው የ15 ዓመት ስለሚመስል፣ 25 በመቶ ማለትም 11.55 ሚሊዮን ተቀንሶ 34.65 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው በመጀመሪያው ስሌት ጥቂት የሚታረሙ ጉድለቶች የመላውን ሕንፃ ዕድሜ ስላስረጁት ነው።

አሁን ከመንገዱ ሁኔታ የተነሳ ሕንፃው በዘላቂነት በዓመት 600,000 ብር ኪራይ ያጣል እንበል። በአካባቢው ባለሀብት ከእንዲህ ያለ ንብረት በዓመት 8 በመቶ የሚጠብቅ ከሆነ፣ 600,000 ለ0.08 ሲካፈል ጠቅላላ ኪሳራው 7.5 ሚሊዮን ብር ነው። ይሁንና ይህን ሁሉ ከሕንፃው መቀነስ አይገባም። የቦታው ዋጋ የተወሰደው ከዚያው መንገድ ከሆነ ኪሳራው አስቀድሞ በቦታው ዋጋ ውስጥ ገብቷልና፣ ከሕንፃው የሚቀነሰው የሕንፃው ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው 70 በመቶ ቢሆን 5.25 ሚሊዮን ተቀንሶ ለሕንፃው 29.4 ሚሊዮን ብር ይቀራል፤ የይዞታው ዋጋም በዚህ ላይ ይደመራል። አንድን ጉዳት ሁለት ጊዜ መቀነስ በዚህ ዘዴ እጅግ የሚደጋገም ስሕተት ነው። ሊፍቱ ወይም የቧንቧ መስመሩ ለብቻው ከተቀነሰ፣ ወጪው በሙሉ የቀረው አካል ከሚሰላበት መነሻ ላይ መውጣት አለበት።

ቤቴ 50 ዓመት አልፎታል፤ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። ቅናሹ የሚሰላው ከተሠራበት ዓመት ሳይሆን ከሚታይበት ሁኔታ ነው። ጣሪያው የተቀየረ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመሩ የታደሰ የ50 ዓመት ቤት የ20 ዓመት ሁኔታ ሊያሳይ ይችላል።

ነገር ግን የተሠራበት ዓመት ራሱ በትክክል መወሰዱን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የግንባታ ፈቃድና ሰነዶች ዓመትን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የባንክና የአማካሪ ድርጅት ቅጾች ብዙ ጊዜ የሚሞሉት በፈረንጅ ነው። በሰነድ ላይ «1985» ተብሎ የተጻፈ ቤት በ2018 ዓ.ም. 33 ዓመቱ ነው፤ 1985ን እንደ ፈረንጅ ዓመት የወሰደ ሰው ግን 40 ያደርገዋል። የ60 ዓመት ዕድሜ ለሚሰላለት ሕንፃ ይህ 55 በመቶ የነበረውን ቅናሽ ወደ 67 በመቶ ገደማ ይወስደዋል። ከ48 ሚሊዮን ብር ላይ ይህ ልዩነት ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው።

ቤቱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ገማቹ ለቦታው ብዙ፣ ለቤቱ ጥቂት የሰጠው ለምንድን ነው?

ይህ በመሐል ከተማ የሚበዛ ቅሬታ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ገማቹ ትክክል ነው። ቦታ የሚገመተው ባዶ ቢሆን በሕግ በሚፈቀድለትና ይበልጥ በሚያተርፈው አገልግሎት ነው። በካዛንቺስ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በሚፈቀድበት ቦታ ላይ የቆመ ባለ አንድ ወለል ቪላ፣ ሴራሚኩና ኮርኒሱ ምንም ቢያምር፣ ቦታውን ለሚገዛው ሰው የሚያፈርሰው ነገር ነው። ገዢው ለቪላው የሚከፍለው ግንባታ እስኪጀምር ድረስ የሚያገኘውን ኪራይ ያህል ነው። ቤቱ ሳይጎዳ ዋጋው ያለቀው በዙሪያው ያለችው ከተማ ስለተለወጠች ነው።

ለባንክ፣ ለካሳና ለኢንሹራንስ ሦስት የተለያየ ቁጥር የሚወጣው ለምንድን ነው?

ዓላማቸው ስለሚለያይ ነው። ባንኩ የሚያስበው ብድሩ ካልተመለሰ በሐራጅ ምን ሊያገኝ እንደሚችል ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በመያዣ የያዘውን ንብረት ራሱ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አለውና። ስለዚህ የእርጅና ቅናሹን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ለቦታ የሚሰጠውንም ዋጋ እንደ መመሪያው ይገድባል።

ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲለቀቅ የሚከፈለው ካሳ ግን በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስችል መሆን አለበት። አዲስ መተካት ከተባለ የእርጅና ቅናሽ ቦታ የለውም፤ ለአሮጌ ቤት የተዘጋጀ የካሳ ግምት ላይ የዕድሜ ቅናሽ ያየ ባለንብረት ምክንያቱን በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። በዚያው ልክ ካሳው የቦታውን የገበያ ዋጋ አይጨምርም፤ የምትክ ቦታና የመፈናቀል ጉዳይ ለብቻው ይታያል። በዚህ ምክንያት በፒያሳ ባለ አንድ ጠባብ ቤት የባንክ ግምትና የካሳ ግምት እጅግ ቢራራቁ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ኢንሹራንስ ደግሞ ቦታውን ጨርሶ አይመለከትም፤ መሬት አይቃጠልምና። ፍርስራሽ የማንሳት ወጪ ይታከልበታል፤ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ውሉ ነው።

የወጪ ዘዴ የማይመከርበት ንብረት አለ?

አለ። አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ለብቻው በወጪ ዘዴ ቢገመት የመሬቱና የጋራ መጠቀሚያው ድርሻ በግድ የሚከፋፈል ስለሚሆን ንጽጽር ይሻላል። የተረጋጋ ኪራይ ያለው ትልቅ የንግድ ሕንፃ ከሆነም የገቢ ዘዴ መሪ፣ የወጪ ዘዴ ማመሳከሪያ ሊሆን ይገባል።

ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድና የጸደቀ ፕላን፣ የሊዝ ውልና የክፍያ ደረሰኞች፣ ከዚያም የእድሳት ደረሰኞች በዓመታቸው ተደርድረው ይቅረቡ። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ካለ ከፕላኑ ጋር ስለማይገጥም መታወቁ አይቀርም፤ መደበቁ ጥቅም የለውም። ጣሪያው የሚፈተሽበት መሰላል ይኑር፤ የተቆለፉ የተከራይ ክፍሎችም ቁልፋቸው ይገኝ። ገማቹ ሊገባበት ያልቻለውን ክፍል ከሌሎቹ የባሰ አድርጎ መያዙ የተለመደ ነው።